ኤ-01 በሳሎን ጠረጴዛ ላይ፦ የጦር መርከብ ሞዴል ምንድን ነው፣ እንዴትስ ይሠራል?

ፔታሕ ቲክቫ ባሕር የላትም። ከሰፈሯ ከሃዳር ጋኒም ተነሥቶ የሜዲትራኒያንን ውሃ ለማየት ወደ ቴል አቪቭ አቅጣጫ መሄድ ግድ ነው። የጦር መርከብ ግን በካርቶን ታሽጎ፣ በክዳኑ ሥዕል ላይ ማዕበል እየሰነጠቀ፣ የማንኛውም ቤት ሳሎን ድረስ ሊገባ ይችላል። ልጁ ይዞት ሲመጣ ወላጅ መጫወቻ መስሎት ያልፈዋል። ካርቶኑ ሲከፈት ግን መርከብ የለም። ግራጫ የፕላስቲክ ፍሬሞች፣ በፍሬሞቹ ላይ የክብሪት እንጨት የሚያህሉና ከዚያም የሚያንሱ ብዙ ቁርጥራጮች፣ በሥዕል የተሞላ መመሪያ፣ አንዲት ትንሽ የተለጣፊ ወረቀት፤ ይኸው ነው። በአብዛኞቹ ካርቶኖች ውስጥ ሙጫም ቀለምም አይገኝም። ሁለቱም ለየብቻ ይገዛሉ፤ ይህን አስቀድሞ ያላወቀ ወላጅ በበዓል ቀን የሚያለቅስ ልጅ ይዞ ይቀመጣል።

ነገሩን በምሳሌ ማስረዳት ይቀላልና አንዲት መርከብ ይዤ እሄዳለሁ። እሷም ኤ-01 «ኢትዮጵያ» ናት። ከጥር 1954 ዓ.ም ጀምሮ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ትልቋ መርከብ ሆና ምጽዋ ላይ ያገለገለች፣ ካዴቶች የሠለጠኑባት መርከብ ነች። ከዚያ በፊት ሌላ ስምና ሌላ ባንዲራ ነበራት፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፓስፊክ ውቅያኖስ የዘመተች አሜሪካዊት ነበረች። ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ስለ መርከብ የሚያወሩት መጻሕፍትም ካርቶኖቹም በእርሱ ነው የሚቆጥሩት።

በቅድሚያ ስለ ፕላስቲኩ። ስሙ ፖሊስታይሪን ነው፤ የሲዲ ማስቀመጫ ከሚሠራበት ከዚያ ጠንካራና ተሰባሪ ፕላስቲክ ጋር አንድ ዘር ነው። ፋብሪካው አቅልጦ በከባድ ግፊት ወደ ብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ያስገባዋል፤ ቅርጽ ማውጫው ለሁለት ሲከፈት ፍሬሙ ከነቁርጥራጮቹ ይወጣል። ሁለቱ የብረት ግማሾች የገጠሙበት ቦታ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ስስ መስመር ይተዋል። በመድፍ አፈሙዝ ወይም በመርከብ ምሰሶ ላይ ይህ መስመር ከቀረ፣ ሞዴሉ የቱንም ያህል በጥሩ ቀለም ቢቀባ ዓይን ወዲያው ያገኘዋል። ፕላስቲኩ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ደግሞ ወፈር ባለበት በኩል ጎድጎድ ይላል፤ እዚያ ስቱኮ ይገባል፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይላጋል። የሞዴል ሥራ ግማሹ መፋቅና መላግ ነው፤ ይህን የማይወድ ሰው ሌላ ነገር ቢሞክር ይሻለዋል።

የፋብሪካው ትልቁ ወጪ ያ የብረት ቅርጽ ማውጫ ነው። ፕላስቲኩ ርካሽ ነው፤ ብረቱን በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ መቅረጽ ግን ገንዘብ ይበላል። ስለዚህ ኩባንያ ብዙ ሺህ ካርቶን እንደሚሸጥ ሲያምን ብቻ ነው አዲስ መርከብ የሚጀምረው። የጃፓኗ ያማቶ፣ የጀርመኗ ቢስማርክ፣ የአሜሪካዋ ሚዙሪ በየመጠኑና በየኩባንያው ደጋግመው የሚወጡት በዚህ ምክንያት ነው። ነዳጅ ያመላለሱ፣ ፈንጂ የጠረጉ፣ የቆሰሉ ያነሡ መርከቦች ግን እምብዛም ካርቶን አይደርሳቸውም። ጦርነቱን ግን ያለ እነርሱ ማንም አልተዋጋውም።

የሙያው ታሪክ ከፕላስቲክ ይቀድማል። በጦርነቱ ጊዜ የባሕር ኃይሎች ጥቃቅን የመርከብ ሞዴሎችን ለማስተማሪያ ይጠቀሙ ነበር፤ አብራሪውና ቃፊሩ ከሩቅ የሚታየው ጥላ የወዳጅ ይሁን የጠላት እንዲለይ። ከጦርነቱ በኋላ ነገሩ ወደ ቤት ገባ። የእንግሊዙ ኤርፊክስ በ1952 «ጎልደን ሃይንድ» የተባለችውን የጥንት ባለ ሸራ መርከብ በትንሽ ዋጋ አወጣ። የአሜሪካው ሬቨል በ1953 ሚዙሪን ለገበያ አቀረበ፤ ጃፓን እጅ መስጠቷን በወለሏ ላይ ከፈረመች ገና ስምንት ዓመቷ ነበር። በሺዙኦካ ከተማ በእንጨት ሥራ የጀመረው ታሚያ በ1960 የመጀመሪያ የፕላስቲክ ሞዴሉን ሲያወጣ የመረጠው ያማቶን ነው። በ1971 ደግሞ እዚያው ሺዙኦካ ያሉ አራት ኩባንያዎች፣ ታሚያ፣ ሃሰጋዋ፣ አኦሺማና ፉጂሚ፣ የጃፓንን የጦር መርከቦች ተከፋፍለው በአንድ መጠን ለመሥራት ተስማሙ። ተፎካካሪ ነጋዴዎች እንዲህ ሥራ ሲከፋፈሉ ማየት ብርቅ ነው። ዛሬ በጣም የተለመደው የ1/700 መጠን በዓለም የተስፋፋው በዚያ ስምምነት ነው።

ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው 1/700 ወይም 1/350 ምን ማለት ነው? እውነተኛዋ መርከብ በዚያ ቁጥር ተካፍላለች ማለት ነው። «ኢትዮጵያ» ርዝመቷ 94.7 ሜትር ገደማ ነበር። በ1/350 ስትሠራ 27 ሳንቲ ሜትር፣ በ1/700 ደግሞ 13.5 ሳንቲ ሜትር ትሆናለች፤ በእጅ መዳፍና ጣት ላይ የምታርፍ መርከብ። 1.75 ሜትር የሆነ መርከበኛ በ1/350 አምስት ሚሊ ሜትር፣ በ1/700 ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ይቀረዋል። ትልቁ ፈተና ግን ቀጭን ነገር ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት 0.07 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በ1/700 ያ ጠጉር አምስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቧንቧ ሆነ ማለት ነው። በእውነተኛዋ መርከብ ላይ ያለው የአጥር ሽቦ ግን ከአንድና ከሁለት ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ስለዚህ በትንሽ መጠን ሲሠራ ሁሉንም ነገር በልኩ መሥራት አይቻልም፤ ሠሪው የትኛው ወፍሮ ይቅር፣ የትኛው ጨርሶ ይተው የሚለውን ይመርጣል። የቀለም ድርብርብ እንኳ በዚህ መጠን ውፍረት አለው፤ ሦስት ጊዜ በብሩሽ የተቀባ በርና መስኮት ጠርዙ ይጠፋል።

አሁን ወደ መርከቧ። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በሌክ ዋሽንግተን የመርከብ ማምረቻ ተሠርታ በኦክቶበር 1942 ውሃ ላይ ወረደች፤ በጃንዋሪ 1944 ዩኤስኤስ ኦርካ ተብላ አገልግሎት ጀመረች። ስሟ ከአንድ የአላስካ ባሕረ ሰላጤ የተወሰደ ነው፤ የዚህ ክፍል መርከቦች፣ ማለትም የባርነጋት ክፍል፣ በባሕረ ሰላጤዎችና በሰርጦች ስም ይጠሩ ነበርና። ሥራዋ በመድፍ ድብደባ ከተማ ማፍረስ አልነበረም። የውሃ ላይ አውሮፕላኖች እናት ነበረች። አየር ማረፊያ በሌለበት ሰርጥ ውስጥ መልሕቋን ትጥላለች፤ ካታሊና የሚባሉት በውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖች በዙሪያዋ ይታሰራሉ፤ እርሷ ነዳጅ፣ ቦምብ፣ ምግብ፣ አልጋና ጋራዥ ትሆናቸዋለች። የዚህ ክፍል መርከቦች 300 ሺህ ሊትር ያህል የአውሮፕላን ቤንዚን ይይዙ ነበር። ወደ ውሃ የሚጠልቀው አካላቸው አራት ሜትር ገደማ ብቻ ስለነበር ትልልቆቹ መርከቦች የማይገቡበት ትንሽ ሰርጥ ይገባሉ።

ኦርካ ኒው ጊኒ ላይ አገልግላ ወደ ፊሊፒንስ ተሻገረች፤ ሌይቴ ከዚያም በጃንዋሪ 1945 ሊንጋየን ባሕረ ሰላጤ ገባች። እዚያ የጃፓን ካሚካዜ አብራሪዎች በመርከቦቹ ላይ ራሳቸውን ይወረውሩ ነበር፤ ኦርካም ለጥቂት ተርፋለች። በዚያ ጦርነት ካታሊናዎች ጥቁር ተቀብተው ሌሊት ለሌሊት ይበሩ ነበር፤ «ጥቁር ድመቶች» ይሏቸዋል። ለሞዴል ሠሪ ይህ ወርቅ ነው። የካታሊና ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 31.7 ሜትር ነው፤ የመርከቧ ርዝመት አንድ ሦስተኛ ማለት ነው። በ1/350 ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ክንፍ ያለው ጥቁር አውሮፕላን 27 ሳንቲ ሜትር መርከብ አጠገብ በሰው ሠራሽ ውሃ ላይ ቢታሰር፣ የመርከቧ ሥራ ያለ ማብራሪያ ይገባል። መርከቧን ብቻዋን ብታቆሟት ግን ተመልካቹ ሌላ አነስተኛ የጦር መርከብ ብሎ ያልፋታል።

ከጦርነቱ በኋላ ለጥቂት ዓመታት ከአገልግሎት ወጥታ ቆየች፤ በ1951 መጨረሻ ተመልሳ እስከ 1960 ሠራች። በጃንዋሪ 1962 ለኢትዮጵያ ተሰጠች፤ በግንባሯ ላይ ኤ-01 ተጻፈ። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ከተቋቋመ ገና ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ዋና ሰፈሩ ምጽዋ፣ ኮሌጁ አሥመራ። ምጽዋ ራሷ የመርከብ መቃብር ሆና የነበረች ወደብ ናት። ጣሊያኖች በኤፕሪል 1941 ከተማዋን ለእንግሊዝ ከመልቀቃቸው በፊት መርከቦቻቸውን ወደቡ ውስጥ ሆን ብለው አሰጠሙ፤ በ1942 የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ኤድዋርድ ኤልስበርግ በዚያ ሙቀት ከጥቂት ጠላቂዎች ጋር ያነሣቸው ጀመር። ኤ-01 የታሰረችበት ውሃ ያ ነው። በ1960ዎቹ በየዓመቱ በሚከበረው የባሕር ኃይል ቀን የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የሶቪየት መርከቦች በእንግድነት እዚያ መልሕቅ ይጥሉ ነበር፤ በቀዝቃዛው ጦርነት መካከል ባላንጣዎች በአንድ ወደብ ጎን ለጎን የሚቆሙበት ቀን።

በአብዮቱ ዘመንም አገልግላለች። ምጽዋ በፌብሩዋሪ 1990 በሻዕቢያ እጅ ገባች። በ1991 ደርግ ሲወድቅ ኤ-01 እና ሌሎች የባሕር ኃይሉ መርከቦች ቀይ ባሕርን ተሻግረው ሸሹ፤ እርሷ የመን ገባች። በ1993 ለቁራጭ ብረት ተሸጠች። ኢትዮጵያ ባሕር ኃይሏን እንደገና ለማቋቋም ከፈረንሳይ ጋር ስትስማማ 2019 ደርሶ ነበር።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ታሪክ ለማስተማር ብቻ አይደለም። ሞዴል ሠሪ ቢላዋውን ከማንሣቱ በፊት መመለስ ያለበት አንድ ጥያቄ አለና፤ የትኛውን ቀን ነው የምሠራው? መርከብ ሃምሳ ዓመት ስትኖር አንድ መልክ ይዛ አትኖርም። መድፎቿ ይነሣሉ፣ ራዳሯ ይቀየራል፣ ምሰሶዋ ይረዝማል፣ ቀለሟ ይለወጣል። የባርነጋት ክፍል መርከቦች የመድፎቻቸው ቁጥር ራሱ ከመርከብ መርከብ፣ ከዓመት ዓመት ይለያይ ነበር። የ1945ቷን ኦርካ ሠርቶ በግንባሯ ኤ-01 መጻፍ የአያትን ፎቶ ወስዶ የልጅ ልጅ ስም እንደ መጻፍ ነው። ጥሩ ሠሪ ከሙጫ በፊት ፎቶግራፍ ይሰበስባል፤ ቀኑ የታወቀ ፎቶግራፍ። ለእኔ የዚህ ሙያ ክብሩም ጣዕሙም እዚህ ላይ ነው፤ ከእጅ ቅልጥፍናው ይልቅ።

በእስራኤልም እንዲህ ባንዲራ የቀያየረች መርከብ ነበረች። በእንግሊዝ ሜንዲፕ ተብላ የተሠራችው የሃንት ክፍል አጃቢ መርከብ ከጦርነቱ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ለቻይና ተሰጠች፤ ተመልሳ ለግብፅ ተሸጠችና ኢብራሂም ኤል አወል ተባለች። ኦክቶበር 31 ቀን 1956 ሃይፋን ልትደበድብ መጥታ ተማረከች፤ እስራኤሎችም ሃይፋ ብለው ሰየሟት። አንድ የብረት አካል፣ አራት ባንዲራ። የሃንት ክፍል መርከቦች በ1/700 በፕላስቲክ ይገኛሉ፤ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሜንዲፕ የመጀመሪያው ዓይነት ናት፤ አራት ባለ 4 ኢንች መድፍ ነበራት። ሁለተኛው ዓይነት ስድስት አለው። «ሃንት» የሚለውን ብቻ አይቶ የገዛ ሰው ሁለት መድፍ የተረፈው ሌላ መርከብ ይዞ ይገባል።

ለኤ-01ስ? ትልልቆቹ ኩባንያዎች የሚያሳድዱት ዝነኛ ስም ስለሆነ፣ እርሷን የሚፈልግ ሰው ራሱን ያዘጋጅ። መንገዱ ግን የተዘጋ አይደለም። ልምድ ያላቸው ሠሪዎች ስስ የፖሊስታይሪን ላሜራ ገዝተው ከመርከቡ ንድፍ ላይ እየለኩ አካሉን ራሳቸው ይቆርጣሉ፤ ዛሬ ደግሞ የኮምፒውተር ንድፍ ያለው ሰው በሬዚን ማተሚያ ያትመዋል። ዝርዝሩን ከሌላ ካርቶን መዋስ ይቻላል። በኦርካ ላይ የነበረው ባለ 5 ኢንች መድፍ በጦርነቱ ጊዜ በነበሩት በብዙዎቹ የአሜሪካ አጥፊ መርከቦች ላይ ይገኝ ነበር፤ የፍሌቸር ክፍል አጥፊ መርከብ አምስት ይዛለች። ታሚያ በ1/350 ያወጣትን ፍሌቸር የገዛ ሰው መድፉን፣ ጀልባውን፣ መልሕቁን፣ የነፍስ አድን ታንኳውን አገኘ ማለት ነው። ካታሊናውም ቢሆን በሞዴል ገበያ ከሚወደዱት አውሮፕላኖች አንዱ ነው።

ይህ ግን የጀማሪ ሥራ አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ኤ-01ንም ያማቶንም ይተው። አንድ አጥፊ መርከብ፣ በ1/700፣ ከውሃ መስመር በላይ ብቻ የምትሠራ ትበቃዋለች። እነዚህ ሆዳቸው ጠፍጣፋ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ባሕር ላይ የተንሳፈፉ ይመስላሉ፤ ፕሮፔለርና መሪ ለመግጠም መታገል የለም። ብዙ ክፍል ያለው ትልቅ ካርቶን ለጀማሪ ስጦታ መስጠት ደግነት ይመስላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ለብሶ ይቀራል።

መሣሪያው ብዙ አይደለም። ስል መቁረጫ ፒንሳ፣ ምላጭ ወይም የሞዴል ቢላዋ፣ ወረንጦ፣ ሻካራና ልስልስ የብርጭቆ ወረቀት፣ ሙጫና ቀለም። ቁርጥራጩን ከፍሬሙ በእጅ መጠምዘዝ አይገባም፤ ይሰበራል ወይም ነጭ ጠባሳ ይይዛል። ፒንሳው ከቁራጩ ትንሽ ራቅ ብሎ ይቁረጥ፤ የቀረውን ምላጭ ያስተካክለው። ፋብሪካው ቁራጩ በቀላሉ ከብረቱ እንዲላቀቅ የሚቀባው ቅባት ሊኖር ስለሚችል ፍሬሞቹን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ማጠብ ደግ ነው፤ ቀለሙ ይይዛል።

ሙጫው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። የሞዴል ሙጫ እንደ ወረቀት ሙጫ በሁለት ነገር መካከል ተኝቶ አይደርቅም። ፈሳሹ የሁለቱን ቁራጮች ፊት ያቀልጣል፤ የቀለጠው ፕላስቲክ ይቀላቀላል፤ ፈሳሹ ሲተን ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ስለዚህ የሚፈለገው በጣም ትንሽ ነው። ሲበዛ ፕላስቲኩን ይበላል፤ ያረፈበት የጣት አሻራም እንዳለ ታትሞ ይቀራል። ቀለም የተቀባ ፊትም አይያያዝም፤ ቀለሙ መካከል ገብቶ ይከለክላል፤ መጋጠሚያው ይፋቅ። ለዝርዝር ክፍሎች የሚውሉት ናስና ሬዚን ደግሞ በዚህ ሙጫ አይያዙም፤ ለእነርሱ ያ ጣት የሚያጣብቀው ፈጣን ሙጫ ያስፈልጋል። ሁሉም ሽታ አላቸው። መስኮት ይከፈት፤ ሕፃን ባለበት ጠረጴዛ ላይ ምላጭና ሙጫ ተከፍተው አይተዉ። በአፓርታማ ለሚኖር ሰው የሚረጭ ቀለም በረንዳ ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ ነፋስ ግን የጎረቤትን ልብስ እንዳያገኝ።

ቀለሙ የራሱ ብልሃት አለው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በጦርነቱ ጊዜ መርከቦቹን በቁጥር በተለዩ የቀለም ስልቶች ይቀባ ነበር፤ አንዳንዱ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ሰማያዊ፣ አንዳንዱ የጠላት የባሕር ሰርጓጅ ርቀቱንና አቅጣጫውን እንዳይለይ የተሰባበረ ቅርጽ። ከሰላም በኋላ ቀላል ግራጫ መጣ፤ ኤ-01ንም በፎቶግራፍ የምናውቃት በግራጫዋ ነው። ይሁንና ከእውነተኛው መርከብ ቆርቆሮ ላይ የተወሰደ ቀለም ቢገኝ እንኳ በሞዴል ላይ እንዳለ አይቀባም። መርከብን የምናየው ከሩቅ ነው፤ በመካከል ያለው አየር ቀለሙን ያሳሳዋል። ስለዚህ ጠብታ ነጭ ይጨመርበታል። ትንሽ ሞዴል በጥቁር ግራጫ ሲቀባ መጫወቻ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

ቁጥሩና ስሙ የሚገቡት በተለጣፊው ነው። ተለጣፊው ውሃ ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ ይነከራል፤ ሲላላ ከወረቀቱ ላይ እየተንሸራተተ ወደ ቦታው ይሄዳል። ሥሩ ያለው ቀለም አብረቅራቂ መሆን አለበት፤ ሻካራ ከሆነ አየር ይይዝና ጠርዙ ያበራል። አጥሩ ደግሞ ለብቻው የሚሸጥ ስስ የናስ ላሜራ ነው፤ በአሲድ ተበልቶ የተቀረጸ። እጅ የሚያንቀጠቅጠው ሥራ ይህ ነው። ከፕላስቲክ የወጣ አጥር በ1/700 የአጥር ግንብ ስለሚመስል ብዙ ሠሪ ቢተወው ይመርጣል፤ እኔም በመጀመሪያ ሞዴል ላይ ይተው ባይ ነኝ።

አንድ ጉዳይ ግን በእስራኤል ቤት ውስጥ ዝም ብሎ አይታለፍም። በሆቢ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ብዙ ጊዜ ከፊት የሚቆመው ካርቶን ቢስማርክ ነው። መርከቧ በ1941 ስትዘምት በወለሏ ፊትና ኋላ የናዚ ምልክት ተስሎባት ነበር፤ የጀርመን አውሮፕላኖች ከአየር እንዲለዩአት። የጀርመን ሕግ ምልክቱን ስለሚከለክል እዚያ የሚታተሙ ካርቶኖች ያስቀሩታል፤ ሌሎች ኩባንያዎች ያስገቡታል። ልጅ ይህን በጠረጴዛ ላይ ሲሠራ ፎቁ ላይ የሚኖሩት አዛውንት ጎረቤት ምን እንደሚሰማቸው መገመት አያዳግትም። ይሠራ ወይስ አይሠራ? ለእኔ መልሱ ከልጁ ጋር መቀመጥ ነው። ቢስማርክ ሁድ የተባለችውን የእንግሊዝ መርከብ ስታሰጥም 1,415 ሰው ሞቶ የተረፈው ሦስት ብቻ ነው፤ ከሦስት ቀን በኋላ ራሷ ስትሰጥም ከ2,000 በላይ ሰው አብሯት ሄደ። የእስራኤል ኤይላት፣ የቀድሞዋ እንግሊዛዊት ዜለስ፣ ኦክቶበር 21 ቀን 1967 ከፖርት ሰይድ በተተኮሰ ሚሳኤል ስትመታ 47 መርከበኞች ሞቱ። ይህን ሳያውቅ መርከብ የሠራ ልጅ የሠራው ግራጫ ፕላስቲክ ነው። አውቆ የሠራ ግን መድፉን ሲገጥም የመድፉ ሥራ ምን እንደነበር ያውቃል። ወላጅ ቢስማርክን «አይሆንም» ቢልም አልፈርድበትም፤ መደርደሪያው ሌሎች መርከቦችም አሉት።

እውነተኛ መርከብ ማየት የሚፈልግ ሃይፋ ይሂድ። እዚያ ያለው የስውር ስደትና የባሕር ኃይል ሙዚየም «አፍ አል ፒ ሄን» የተባለችውን የስደተኞች መርከብና ሚቭታሕ የተባለችውን ሚሳኤል ተሸካሚ የጦር ጀልባ በሙሉ አካላቸው ይዟል። ለሞዴል ሠሪ አንድ ከሰዓት በኋላ እዚያ መዋል ከብዙ መጽሐፍ ይበልጣል። ዝገቱ የሚጀምረው ከየት ነው? ከመልሕቁ ቀዳዳ በታችና ውሃ ከሚፈስበት ቱቦ ሥር ነው። ቀለሙ የሚላጠው ሰው በሚረግጥበት ነው። ጀማሪዎች ግን መርከቡን ሁሉ ቡናማ ያደርጉታል፤ ያን ያህል የዛገች መርከብ ወደ ባሕር አትወጣም።

የእኛ ሰዎች ታሪክም መርከብ አለው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከጎንደርና ከትግራይ በእግራቸው ሱዳን የገቡ ቤተ እስራኤላውያን በሌሊት ከአሩስ አካባቢ ከባሕር ዳርቻ በጎማ ጀልባ ተወስደው ባት ጋሊም በተባለች የእስራኤል ባሕር ኃይል መርከብ ተጓጉዘዋል። ፕላስቲክ ላሜራ መቁረጥ የለመደ ወጣት ካለ፣ ከኤ-01 ቀጥሎ የምመክረው ሥራ ይህ ነው፤ መርከቧን ብቻ ሳይሆን ጀልባዎቹንና በውስጣቸው የተጨናነቁትን ሰዎች ጭምር። በ1/350 እያንዳንዱ ሰው አምስት ሚሊ ሜትር ነው፤ ሕፃን በጀርባዋ ያዘለች እናት ልትሠራበት ትችላለች።

ያለቀ ሞዴል ጠላቱ አቧራና ፀሐይ ነው። አቧራ በናስ አጥርና በምሰሶ ሽቦ መካከል ከገባ በብሩሽ ሲጠረግ አብሮ የሚነሣው አጥሩ ነው፤ የመስኮት ፀሐይ ደግሞ ነጩን ተለጣፊ በጊዜ ብዛት ቢጫ ያደርገዋል። ስለዚህ አክሪሊክ ሳጥን ይገዛል ወይም ይሠራል። ሳጥኑ የሚቀመጥበት ቦታ ሞዴሉ ሳይጀመር ይለካ፤ ያማቶ በ1/350 ርዝመቷ 75 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ቴሌቪዥኑ ሥር ያለውን መደርደሪያ ለእርሷ ከመመኘት በፊት ቡና የሚፈላበት ቦታ መሆን አለመሆኑን ከእማወራዋ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።